ለዲምያና ሰርግ የተጋገረ ዳቦ

ፋኑስ ወደ መንደሩ መመለሱን ፌብሮንያ የሰማችው በቤቷ ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ሊጥ ስትደረድር ነው። በግብጽ፣ በዓባይ ምሥራቅ ዳርቻ ባለችው በዚያች የድንጋይ ጠራቢዎች መንደር ዳቦ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ኩፍ ይላል፤ ምድጃ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ፌብሮንያ ድቡልቡሉን ሊጥ በየሸክላው ላይ እያኖረች ሳለ ጎረቤቷ የሐሊም እናት ከማዶው ጣሪያ አንገቷን አሰገገች።

«ሰማሽ? ያ ሰውዬ መጥቷል።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ስሙን ልጥራብሽ? የባልሽ ወንድም ነዋ። ሚስቱንና ልጁን ይዞ ትናንት ከጀልባ ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ዲምያናን እዚሁ ለሰዓት ጠጋኙ ልጅ ሊድራት ነው አሉ።»

ፌብሮንያ በእጇ የያዘችውን ሊጥ ሳታስበው ጨፍልቃው ኖሮ፣ እንደገና ማድቦልቦል ነበረባት።

ፋኑስና የፌብሮንያ ባል ላምዒ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከመንደሩ በስተጀርባ ባለው ነጭ ተራራ ላይ በሐዲድ ላይ በሚሄድ አንድ የኤሌክትሪክ መጋዝ አብረው ድንጋይ ይቆርጡ ነበር። ኤሌክትሪኩን የሚያበራው ሰው ከማብራቱ በፊት መጮህ አለበት፤ ጮሆም መልስ መጠበቅ አለበት። አንድ ቀን ጠዋት ፋኑስ አልጮኸም። ላምዒ በሐዲዱ ላይ የተሰነቀረ ድንጋይ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች እዚያው ቀረ።

ያን ሰሞን ፋኑስ ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጦ ሰነበተ። ላምዒ አስጠርቶት «ሂድ ወንድሜ፣ ቤትህ ገብተህ ተኛ፣ እኔ አልሞትኩም» አለው። ፌብሮንያ ግን ተከትላው ወጣችና በኮሪደሩ ላይ፣ በሐኪሙም በአስታማሚውም ፊት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ። እኔም ያንተን አልረግጥም» አለችው። ብዙም ሳይቆይ ፋኑስ ቤቱን ዘግቶ፣ ሚስቱን ሱዓድንና ልጁን ይዞ ሩቅ ወዳለችው የወደብ ከተማ ወደ ፖርት ሰዒድ ተሰደደ።

የላምዒን ቤት ያቆመችው ፌብሮንያ ናት። ለቤቷ ብቻ ትጋግር የነበረውን ዳቦ ለድንጋይ ጠራቢዎቹ ትሸጥ ጀመር። ላምዒም አህያ ጋሪ ነድቶ ዳቦውን ተራራ ድረስ ማድረስ ለመደ፤ ልጓሙን በግራ እጁ፣ ሳቁን በመላ ፊቱ ይዞ። እያደር ከእሷ ዳቦ ውጭ የሚበላ ጠፋ። በመንደሩ ሰርግ ሲደገስ፣ የመረቁ ፍትፍት የሚፈተፈተው በፌብሮንያ ዳቦ ካልሆነ ድግሱ እንደ ድግስ አይቆጠርም ነበር። ሴቶቹ ያከብሯታል፤ በቃሏም ይሄዳሉ። በቤተ ክርስቲያንም የጌታን ጸጋና ምሕረት የሚያነሳ ቃል ሲነበብ ከሁሉ ቀድማ «አሜን» የምትለው እሷ ነበረች።

የፋኑስን መምጣት በሰማችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ላምዒ ባዶ ጋሪውን ይዞ ገባ። አህያዋን አስሮ ሲጨርስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድሜ ጋ ጎራ ብዬ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አህያዋ። የነሱን አጥር ቅጠል እያላመጠች ነው የገባችው።»

ላምዒ ሳቀ። «አንቺ እኮ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ።»

«ምን አለህ?»

«ምንም። ሻይ አቀረቡልን። ስኳር ሳይጨምር ዝም ብሎ ሲያማስለው፣ ሲያማስለው፣ እስኪቀዘቅዝ አማሰለው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ፌብሮንያ። ታላቁ እኔ ነኝ፤ የሚያየን ሰው ግን አባቴ ይመስለዋል።» ከልብሱ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አራገፈና፣ «ለሰርጉ ዳቦ ይፈልጋሉ። አንቺን ለመጠየቅ ግን ፈሩ» አላት።

«ደግ አደረጉ። እንደፈሩ ይቆዩ።»

ላምዒ አልተከራከራትም። እሷን የሚያናድዳት ይሄው ነበር፤ ቢከራከራት ኖሮ መልሱ ምላሷ ላይ ነበረ።

ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ አንድ በአንድ ይጠይቋት ጀመር። በውሃው ቧንቧም፣ በወፍጮ ቤቱም ጥያቄው ያው ነው። «ሰርጉ ላይ ትገኛለሽ?»

«እኔ? ምን ልሠራ?»

«እንግዲያው እኛስ ምን ልንሠራ?» ይሏታል።

አንድም ሴት ሱዓድን ለማገዝ አልሄደችም። ሽንኩርት የሚልጥ፣ ሩዝ የሚለቅም አልነበረም። ፌብሮንያ ይህን ስትሰማ በውስጧ ሙቀት ይሰማት ነበር፤ ደስታም ይመስላል። ማንንም አልከለከለችም፤ አልሄድም ብላ ዝም ብትል በቂ ሆነ። እንደዚህ ያለ ኃይል እንዳላት አታውቅም ነበር፤ ስታውቀው ደግሞ ጣማት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ ይቀመጣሉ። ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ ሱዓድ በጎን በር ገባችና፣ ባዶ ቦታ የነበረው ፌብሮንያ ጎን ብቻ ስለሆነ፣ እያመነታች እዚያው ቆመች። የድሮዋ ሱዓድ ወፍራምና ሳቂታ ነበረች፤ ይህችኛዋ ቀሚሷ የሰፋት ቀጭን ሴት ናት። ሁለቱም ወደ መቅደሱ እያዩ ቆሙ።

ዲያቆኑ «እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ» ሲል፣ በዚያ አገር ልማድ ሁሉም ጎኑ ያለውን ሰው እጅ ነክቶ የራሱን ጣቶች ይስማል። ሱዓድ ዞር አለችና እጇን ዘረጋች። መዳፏ ተሰነጣጥቋል። ፌብሮንያ እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም። ሱዓድ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ማንም ያልነካውን የራሷን እጅ ወደ ከንፈሯ መልሳ ሳመችው፤ ዞራም ጸሎቷን ቀጠለች።

ሰዉ ሊቆርብ ሲነሳ ፌብሮንያ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። አሟታል ብለው ያሰቡ ነበሩ።

ቤት ሲደርሱ ላምዒ ጫማውን በአንድ እጁ እየፈታ «አልቆረብሽም» አላት።

«አልቆረብኩም።»

«ምን ሆንሽ?»

ያኔ ፈነዳች። «ምን ሆንሽ ትለኛለህ? አንተ አንድ ቀን፣ ገና አልጋ ላይ እያለህ፣ ይቅር አልክና ጨረስክ። እኔስ? ልብስህን የምቆልፍልህ እኔ ነኝ። ሥጋ የምቆርስልህ እኔ ነኝ። በእንቅልፍህ የሌለ እጅህን ስታክ የማይህ እኔ ነኝ። እሱ ምን ከፈለ? ሸሸ። አሁን መጥቶ ልጁን በእልልታ ሊድር ነው። ይሄ ይገባዋል?»

«አይገባውም» አለ ላምዒ።

እንዲህ ይላል ብላ አልጠበቀችም።

«ቁጭ በይ፣ ፌብሮንያ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። እኔም ማብሪያው ላይ ስሠራ ነበር አይደል? ያኔ ስንት ጊዜ ሳልጮህ አበራሁ መሰለሽ። ብርድ ሲሆን፣ ሲደክመኝ፣ ከሰው ጋር ወሬ ስይዝ። አበራለሁ፤ መጋዙ ይዞራል፤ ማንም የለም። ቀና ብዬ ደግሞ ሥራዬን እቀጥላለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ፋኑስ ከሥሩ ከወጣ ገና ምራቁን አልዋጠም ነበር። አየኝ፤ ሳቅን፤ ሻይ ጠጣን። በኔና በሱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። እኔ ሳጠፋ መጋዙ ሥር ሰው አልነበረም። እሱ ሲያጠፋ ነበረ። እኔ ከዚያ ጥፋት የዳንኩት ጎበዝ ስለሆንኩ ነው? ሆስፒታል ተኝቼ ሳስበው የነበረው ይህንን ነው። ለኔ በነፃ የተሰጠኝን ለወንድሜ በምን አንጀቴ ልከልክለው?»

ፌብሮንያ ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አለች።

«ፈርቼሽ» አለ ላምዒ፣ ፊቱ ሳይስቅ። «አንቺን የማይፈራ ማን አለ?»

ያ ቃል ወዲያው ልቧን አላቀለጠውም፤ እንዲያውም ሰኞን ሙሉ ከላምዒ ጋር ሳታወራ ዋለች። ንዴቷ እንዳለ ነበር። ብቻ እንደ በፊቱ አይጥምም።

የሰርጉ ዋዜማ ጠዋት እንደ ልማዷ ጣሪያ ላይ ወጣች። ከዚያ ላይ የፋኑስ ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። በግቢው መካከል ትልቅ የሊጥ ገበታ ተቀምጧል፤ ሱዓድ ከአንድ ወገን ተንበርክካ ታቦካለች። ከሌላው ወገን እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ የምታቦካ ወጣት ነበረች። ፌብሮንያ መጀመሪያ አላወቀቻትም። ፀጉሯን ከፊቷ ለመመለስ ቀና ስትል ግን ዲምያና ሆና አገኘቻት። ልጅ ሳለች በፌብሮንያ ጭን ላይ ተቀምጣ ከሊጡ ወፍ ትሠራ የነበረችው ዲምያና፣ ለገዛ ሰርጓ ዳቦ ታቦካለች። ነገ ሙሽራ ናት፤ ዛሬ ጓደኞቿ ከብበዋት ሂና ሊቀቡላት፣ ሊዘፍኑላት ይገባ ነበር። ከሁለቱ ሌላ አንድም ሰው በግቢው የለም። ግቢውን ባዶ ያደረገው ማን እንደሆነ ፌብሮንያ ታውቃለች።

ከደረጃው ወረደች። የእርሾዋን ማሰሮ አንስታ በነጠላዋ ሸፈነችና ወጣች። መንገዱ አጭር ነው፤ ሆኖም እየሄደች ሳለ እግሯ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ሊመለስ ቃጣው። «ጌታ ሆይ» አለች በልቧ፣ «አልወደድኳቸውም። አልዋሽህም። እንዲሁ እንዳለሁ ውሰደኝ።»

ደጁ ክፍት ነበር። ገባች።

ሱዓድ ቀና ስትል አየቻትና እጇ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ደረቀች። ዲምያና ብድግ አለች።

«ልቤ ገና አልመጣም፤ ልዋሽሽ አልፈልግም» አለች ፌብሮንያ። «እጆቼ ግን መጥተዋል። ልቤን ከጠበቅን ሰርጉ ያልፋል።»

ሱዓድ ከገበታው ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

ፌብሮንያ ወደ ገበታው ጎንበስ ብላ ሊጡን በጣቷ ወጋ አደረገችው። «ይሄ ምንድን ነው? ለሰው ነው ለግድግዳ? በዚህ ቤት መለሰን ይቻላል።»

ዲምያና ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠባትና ፊቷን በክንዷ ሸፈነች።

«አንቺ ደግሞ ከዚህ ጥፊ» አለቻት ፌብሮንያ። «ሙሽራ ዱቄት ለብሳ ታውቃለች? ታጠቢ። እንባሽንም ሊጡ ውስጥ እንዳታንጠባጥቢ፤ ጨው በዝቶበታል።»

«እሺ፣ እቴቴ» አለች ዲምያና። በልጅነቷ እንዲያ ነበር የምትጠራት።

ፌብሮንያ የፋኑስን ጣሪያ ደረጃ ወጣችና ወደ መንደሩ ዞረች። ድምጿ የታወቀ ነው፤ ተራራው ላይ ያለ አህያ እንኳ ያውቀዋል ይላሉ።

«የሐሊም እናት! ሸክላሽን ሁሉ ይዘሽ ነይ። የቧንቧው ዳር ሴቶች፣ እናንተም። ነገ ሰርግ አለ፤ ሙሽራዋ ሊጥ እያቦካች እኛ ቁጭ ብለን የምናየው ምን ሆነን ነው?»

የሐሊም እናት ከጣሪያዋ ብቅ አለች። «እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዳቦ።»

«አልሄድም ብለሽን ነበር እኮ።»

«ብዬ ነበር። ተሳሳትኩ። ደግሜ እንድለው ነው ወይስ ትመጫለሽ?»

የሐሊም እናት ለአፍታ አየቻት። «ተሳሳትኩ ስትይ ሰምቼሽ ስለማላውቅ ደግመሽ ብትዪው አልጠላም ነበር» አለችና ሸክላዋን ልታነሳ ገባች።

ከዚያ በኋላ ደጁ አልተዘጋም። አንዷ ሽንኩርት፣ አንዷ ወንፊት፣ አንዷ የራሷን ልጅ ተሸክማ ገባች። ቁጭ ብለው የነበሩት ሁሉ ለመምጣት ሰበብ ሲጠብቁ እንደነበር ያስታውቃል። ቀትር ሳይደርስ ጣሪያው በድቡልቡል ሊጥ ተሞላ፤ የነሱ ጣሪያ አልበቃ ብሎ የጎረቤቱም ተሞላ። ልጃገረዶቹ ዲምያናን ጓዳ አስገብተው ሂናውን በጠበጡላት፤ ዘፈኑ ከጓዳው እየወጣ ግቢውን ሞላው።

ፋኑስ ከገበያ አንድ ጆንያ ዱቄት ተሸክሞ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ትቶት የሄደው ግቢ ባዶ ነበር። በሩ ላይ ደርሶ የሰዉን ብዛት አየ፤ ከዚያም ምድጃው ፊት ፌብሮንያን አየ። ጆንያው ትከሻው ላይ እንዳለ በገዛ ደጁ ላይ ተተከለ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እጃቸውን ከሥራ አነሱ።

ፌብሮንያም አየችው። ላምዒ እንዳለው ፀጉሩ ነጭ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ልትለው ያሰበችው ብዙ ነገር ነበር፤ ጣሪያ ላይ ሆና ቃል በቃል አሰናድታው ነበር። አሁን ከዚያ ሁሉ ለመናገር የሚሆን አንድም አላገኘችም። ያየችው የደከመ ሰው ከባድ ሸክም ይዞ መቆሙን ብቻ ነው።

«ፋኑስ» አለችው፣ «ምን ተሸክመህ ትቆማለህ? አውርደው እንጂ። ና፣ እዚህ እኔ ጋ አውርደው።»

ገባ። ጆንያውን እግሯ ሥር ሲያወርድ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ፌብሮንያ ዱቄታም እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች። ነጭ የእጅ ምልክት ጥቁር ጃኬቱ ላይ ታተመ፤ ሙሉ ቀን እንደዚያው ሲዞር ዋለ፤ ማንም አላራገፈለትም።

ሰርጉ በማግሥቱ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ፀሐይ ገና ከዘንባባው በላይ ነበረች። ዲምያና በባሏ ክንድ ላይ ሆና ስትወጣ ከበሮና ዋሽንት ተቀበላት። ፍትፍቱ ቀረበ፤ መረቅ የጠጣውን ዳቦ ሰዉ ጣቱን እየላሰ በላው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ረጃጅም ዱላዎች አወጡ፤ በላይኛው ግብጽ ሰርግ የወንዶች ጨዋታ በዱላ ነው፤ እየዞሩ፣ እየተከላከሉ፣ ሳይመታቱ።

ላምዒ ከተቀመጠበት ተነሳ። ዱላ በግራ እጁ ያዘና ወደ ሜዳው መሀል ገባ። ሰዉ አጨበጨበለት። እሱ ግን ዞሮ የዱላውን ጫፍ የወንድሙ ደረት ላይ አሳረፈ።

«ተነስ» አለው።

«አልችልም፣ ላምዒ» አለ ፋኑስ። «በአንተ ላይ ዱላ አላነሳም።»

«ማንሳቱን ማን ፈቀደልህ? በአንድ እጄ ልገርፍህ ነው። የሙሽራ አባት ሸሸ ልትባል ነው እንዴ?»

ሳቁ ግቢውን አናወጠው። ፋኑስ ተነሳ። መጀመሪያ ዱላውን በሁለት እጁ እንደ ምርኩዝ ይዞ ፈዞ ቆሞ ነበር። ላምዒ ዞረው፣ ትከሻውን ቸብ አደረገው፤ ዞረው፣ ኮፍያውን አስጣለው። «ከፖርት ሰዒድ አሣ ብቻ ነው ይዘህ የመጣኸው?» አለው። በዚህ ጊዜ ፋኑስ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተፈታ። ዱላውን ከፍ አደረገ፤ ተከላከለ፤ ዞረ። ከበሮው ፈጠነ። ሁለቱ ሽበታም ወንድማማቾች እንደ ጎረምሳ ሜዳውን አቧራ አለበሱት፤ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ይሰማል፤ አንዱም ሌላውን አይነካም። በመጨረሻ ፋኑስ ዱላውን ጥሎ ወንድሙን አቀፈው፤ ላምዒም በአንድ እጁ አጥብቆ ያዘው።

ፌብሮንያ ሴቶቹ መሀል ቆማ ታያለች። ልቧ መቼ እንደ ደረሰ አላወቀችም። ዳቦ ስታወጣ ይሁን፣ ቅድም ሙሽራዋ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ስትስም ይሁን፣ አሁን ይሁን፣ መለየት አልቻለችም። ያወቀችው እልልታው ከሆዷ ሲወጣ ነው። ረጅም ነበር፤ ሲያልቅ ሱዓድ ተቀበለቻት፤ ከሱዓድ የሐሊም እናት፤ ከዚያ መላው ሴት። ወንዝ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ያን እልልታ ሰምተናል ይላሉ።

ከሰርጉ በኋላ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን የተስተካከለ አይደለም። የላምዒን ልብስ ስትቆልፍለት ያ ንዴት ብቅ የሚልባት ጠዋት አሁንም አለ። እንዲህ ሲሆን ፌብሮንያ ልብሱን ቆልፋ ትጨርስና «ፋኑስን ጥራው፣ ቁርስ ከኛ ጋር ይብላ» ትላለች። ላምዒ ምክንያቱን ያውቃል፤ አይጠይቃትም።

ፋኑስ የመጋዙን ድምፅ መስማት እንኳ ይፈራ ነበር። አንድ ማክሰኞ ግን ላምዒ ጋሪው ላይ አስቀመጠውና ዳቦውን ይዘው ወደ ተራራው ወጡ። ፌብሮንያ ከጣሪያዋ ሆና ነጩን መንገድ ስትጠብቅ ቆየች። ተመልሰው ሲመጡ ቅርጫቶቹ ባዶ ናቸው፤ ሁለቱም ከእግር እስከ ራስ በድንጋይ ብናኝ ነጭ ሆነዋል፤ ልጓሙን ማን ይያዝ በሚል ጮክ ብለው ይጨቃጨቃሉ። ድምፃቸው ከሰውነታቸው ቀድሞ ደረሰ። እሷም እየሳቀች እጃቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ልትቀዳ ወረደች።